ሥርጉትና ሁለቱ የጃቫ ሙሽሮች

ሥርጉት ፍሪዌይ ትፈራለች። ከዚህ ልጀምር፤ ፍሪዌይ ባትፈራ ኖሮ እኔም እዚህ ጉድ ውስጥ አልገባም ነበር። መንጃ ፈቃድ አላት፣ መኪናም ነበራት። ግን ፎር ኦ ፋይቭ የሚሉት ትልቁ ፍሪዌይ ላይ ልትገባ ስትል ላብ ያጠምቃታል። "ሃፍሲ፣ ሰው ሁሉ አብዶ እየሮጠ እኔ መሃሉ ገብቼ ምን ልሁን?" ትለኛለች። ሶ፣ ካልቨር ሲቲ ለነበረው ሥራዋ በአውቶቡስ፣ ባቡሩ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በባቡር ትሄድ ነበር። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ሹፌሯ እኔ ነኝ። ደመወዜ ምርቃት ነው።

እኔ ሃፍሳ ነኝ፣ የደሴ ልጅ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ልብስ፣ ሽቶና ቅመም እሸጣለሁ። ሥርጉት ከሱቄ ጀርባ ካለው አፓርትመንት ትኖራለች፤ ብቻዋን ናት። ጴንጤ ናት፣ ለዚያውም የጸናች። እሷ ከጸሎቷ ስትወጣ እኔ ሰላቴን ጨርሼ ሱቅ ስከፍት በር ላይ እንገናኛለን። ስለ ገነት ተጣልተን አናውቅም፤ ስለ ፓርኪንግ ግን በየሳምንቱ እንጣላለን። ልቧ ቅቤ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አላት፦ "አይሆንም" የሚል ቃል አፏ ላይ አልተፈጠረም። ሰው አንድ ነገር ሲለምናት ይሉኝታ ይዞ "እሺ" ያሰኛታል፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥታ ትጨነቃለች።

ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ለአንዲት የኢንዶኔዢያ ሴት ነው፤ የጃቫ ደሴት ሰው ናቸው፣ ኢቡ ሱላስትሪ ይባላሉ። ኢቡ ማለት በእነሱ አገር እንደ እኛ እማማ ነው። ባለቤታቸው ሥርጉት በገባች በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ቤት የሁለቱ ሴቶች ብቻ ሆነ። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ሩዛቸውን ትቀቅላለች፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉልበታቸውን ታሻለች። አሮጊቷ እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ድመት ጸጥ ይላሉ አሉ።

ታዲያ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ያለች ሣጥን ላይ ሁለት የእንጨት ምስሎች ነበሩ። አንድ ክንድ የሚሆኑ ወንድና ሴት፣ እግራቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጎን ለጎን የተቀመጡ። ወንዱ ረዥም ቆብ አድርጓል፣ ደረቱ ራቁቱን ነው፤ ሴቷ ጸጉሯ ተጠቅልሎ አበባ ተሰክቶበታል። ሙሽሮች ናቸው። በአገራቸው ሎሮ ብሎንዮ ይሏቸዋል።

ሥርጉት በመጀመሪያው ቀን አየቻቸውና "በኢየሱስ ስም!" ብላ ወደ ኩሽና ሸሸች። ያን ቤት ስድስት ዓመት ስትወለውል ሙሽሮቹን አንድ ቀን ጨርቅ አላስነካቻቸውም። ሣጥኑን ትወለውልና እነሱ ጋ ስትደርስ ዙሪያቸውን አልፋ ትሄዳለች። ዓርብ ዓርብ አሮጊቷ ራሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጨርቅ ይዘው ያብሷቸዋል። ሥርጉት ያን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፤ የሚታጠብ ሳህን ባይኖርም። "አላዩኝም፤ ሥራ የያዝኩ ነው የሚመስላቸው" ትለኝ ነበር። እኔም እስቅባታለሁ። "አንቺ፣ እንጨት ነው እኮ! ይነክስሻል?" እላታለሁ። የሰው ነገር ሲሆን መሳቅ ቀላል ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት መጨረሻ ላይ የአሮጊቷ ልጅ ቤቱን ሊሸጠው፣ እናቱንም ቶራንስ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባቸው ወሰነ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን ብቻ። የቀረው ዕቃ ይሸጥ፣ የማይሸጠው ይሰጥ ተባለ። የዚያን ሳምንት ኢቡ ሱላስትሪ ሥርጉትን አጠገባቸው አስቀመጧትና ሁለቱን ሙሽሮች በፎጣ ጠቅልለው ጭኗ ላይ አኖሩላት።

"ልጄ ለማን እንደሚሰጣቸው አላውቅም" አሏት። "አንቺ ጋ ይሁኑ። ማየት ስፈልግ ታመጪልኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ እንዳትለያዪአቸው።"

እሷም "እሺ" አለች።

እሺ! ስድስት ዓመት ዙሪያውን የዞረችውን ነገር በአንድ ቃል ታቅፋው መጣች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፎጣውን ታቅፋ ሱቄ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሃፍሲ፣ ድረሺልኝ። ሐሙስ የጸሎት እህቶች የሚመጡት እኔ ቤት ነው። እነዚህን የት ላድርጋቸው? አንቺ ጋ ይቀመጡልኝ።"

"እና እኔ ማነኝ?" አልኳት። "ጠዋት ጠዋት ቁርአን በምከፍትበት ሱቅ ውስጥ ጣዖት ላኑር? ለእናንተ ሐጢአት የሆነው ለእኔ ጌጥ ነው?"

"አደራ ተቀብያለሁ እኮ!"

"ማን ተቀበዪ አለሽ?"

ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ እንባ ሳይ ብልሃተኛ እሆናለሁ፤ ብልሃቴ ነው ያጠፋን። እንዲህ አልኳት፦ "ቆይ፣ ነገራቸው ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ነው አይደል? ሙሽራ ያለ ሙሽሪት ምንድን ነው? እንጨት ነው። አንዱን አንቺ ውሰጂ፣ አንዱን እኔ። ግማሽ ጣዖት ጣዖት አይባልም።"

"አትለያዪአቸው ብለውኛል፣ ሃፍሲ።"

"ለጊዜው ነው! ከሱቄ እስከ ቤትሽ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ይህ መለየት ይባላል?"

ትንሽ አሰበችና፣ ምን ታርግ፣ "እሺ" አለች። ሴቷን እሷ ወሰደች፤ ሴት ከሴት ጋር ይሻላል ብላ። ቁም ሣጥኗ ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር ሸሸገቻት። ወንዱን እኔ የኋላ መደርደሪያ ላይ ከሽቶዎቹ ጀርባ አኖርኩት። በዚያ ቀን ሁለታችንም ሸክም የቀለለን መስሎን ስቀን ተለያየን።

ወላሂ ያ ሰውዬ አስጨነቀኝ። ዕቃ ላወርድ ስሄድ ያየኛል። ሒሳብ ስሠራ ያየኛል። ፊቱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ሊስቅ ሲል የተያዘ ይመስላል። ግን ያየኛል። አንድ ቀን ታዲያ መኪናዬን ለአምስት ደቂቃ ቀይ መስመር ላይ ፓርክ አድርጌ የቅጣት ቲኬት ለጥፈውብኝ፣ ደሜ ፈልቶ ሱቅ ስገባ እሱ አሁንም ሊስቅ ሲል እንደተያዘ ነው። ለልጄ ለመድና "ይህን ሰውዬ ለሚፈልገው ሁሉ ስጪልኝ፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም!" ብዬ ጮህኩ።

መድና እዚህ የተወለደች ልጅ ናት። እናቷ ስትናደድ የምትናገረውና የምታስበው ሁለት ነገር መሆኑን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አሜሪካ ውስጥ የለም። ከሦስት ቀን በኋላ ከስግደት ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው።

"ማሚ፣ ስጪ ብለሻል እኮ።"

"ለማን ሰጠሽው?"

"ለአንድ ልጅ። ሐበሻ ነው፣ ሥራ ቦታ የሚለብሰው ከረባት አድርጓል። ሚድ ዊልሻየር አፓርትመንት ከያዝን ወር አልሞላንም፣ ግድግዳው ሁሉ ባዶ ነው፣ ይህን ስታይ ሚስቴ ትስቃለች አለኝ። ኦኬ ብዬ ሰጠሁት።"

"ስሙስ?"

"አልጠየቅሁትም።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጄን ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ምን ብዬ? ለሥርጉት ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነገርኳትም። ሱቅ ስትመጣ ከበር መልሼ ወሬ እያወራሁ ከኋላው መደርደሪያ አርቃታለሁ። ሰው ጥፋቱን ሲደብቅ እንዴት ጨዋታ አዋቂ ይሆናል!

ከዚያ አንድ ዓርብ ስልኳን በእጇ ይዛ መጣች። "ኢቡ ደወሉልኝ" አለች። "ደክመዋል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል። እሑድ ሁለቱንም አምጪልኝ፣ ልያቸው ብለዋል። ትወስጂኛለሽ አይደል?"

ነገርኳት። ምን አማራጭ አለኝ?

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የበርበሬው ካርቶን ላይ ተቀመጠችና እጆቿን አየች። "አደራ በላሁ" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ይህን ቃል ስትሰማ አፏን ታጥብ ነበር። አደራ በላሁ።"

"የበላሁት እኔ ነኝ።"

"አደራውን የተቀበልኩት እኔ።"

"ስሚኝ፣ ወንዱ ቀለሙ ተልጦ ለጥገና ሰጠነው እንበላቸው፤ እስከዚያ እንፈልገዋለን።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ውሸት አልጨምርበትም፣ ሃፍሳ" አለችኝ። ሃፍሳ ብላ ሙሉ ስሜን ስትጠራኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ አመመኝ።

እሑድ ወደ ቶራንስ ወረድን። ሥርጉት ሙሽሪትን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ፍሪዌዩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ ለመንገዱ ይሁን ለሚመጣው ነገር አልጠየቅኋትም። ከነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች አለፍ ብሎ ነው መኖሪያው። ኢቡ ሱላስትሪ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሽዬ፣ ንጹሕ፣ ነጭ ጸጉራቸው ወደ ኋላ የተሰበሰበ። ሒጃቤን ሲያዩ ፊታቸው በራና "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉኝ።

መለስኩላቸው። ከዚያ ነው የወንበሩ ጀርባ ላይ የተጣጠፈውን መስገጃ ያየሁት። ወደ ሥርጉት ዞሬ በአማርኛ "ሙስሊም ናቸው እንዴ?" አልኳት።

"አዎ። በቀን አምስቴ ይሰግዳሉ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝም!"

"አልጠየቅሽኝም።"

አስተግፊሩላህ! ጣዖት አምላኪ ብዬ በልቤ ያኖርኳቸው ሴትዮ ከእኔ ይልቅ ሰላት አዋቂ ሆነው ተገኙ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሮጊቷ ፎጣውን ገለጡ። ሙሽሪትን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፣ ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ የሥርጉትን ቦርሳ አዩ። ሌላ ፎጣ ጠበቁ።

ሥርጉት ተንበረከከችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቁም ሣጥኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ መለያየታችንን። እኔም ጣልቃ ገብቼ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእኔ አፍ ነው የጠፋው" አልኩ። እንግሊዝኛዬ ሲጨንቀኝ ይሰባበራል፤ ግን የገባቸው ይመስለኛል። መፍትሔ ሳጣ የማወራ ሰው ስለሆንኩ "እማማ፣ እርስዎ ይሰግዳሉ። ታዲያ እነዚህ ለምን?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

አልተቆጡም። "ልጄ፣ የምሰግደው ለአላህ ነው" አሉ። "ለእነሱ ሰግጄ አላውቅም። ድሮ፣ ከአያቶቻችን አያቶች በፊት፣ ሴቷ የሩዝ እናት ናት ይባል ነበር፤ እሷ ያለችበት ቤት ጎተራው አይጎድልም። ያ አለፈ። ሙሽሮቹ ግን ቀሩ። እናቴ ቤት ከመሃለኛው ክፍል በር ፊት ይቀመጡ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልጋ ተነጥፎ ትራስ ተደርድሮ ማንም አይተኛበትም፤ የቤቱ በረከት ቦታ ነው። እኛ ልጆች ስንጣላ እናቴ ወስዳ ፊታቸው ታስቀምጠናለች። እዩአቸው፣ ሲሞላም ሲጎድልም አንዱ አንዱን ጥሎ አይነሳም ትለናለች። ሳገባ ለእኔ ሰጠችኝ።"

ሳቅ አሉ። "አንዴ ባሌ አበሳጨኝና የሁለቱንም ፊት ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ከሥራ ሲመጣ አይቶ ምንም ሳይል ገብቶ ሩዝ ቀቀለ። ታረቅን።"

ከዚያ ጠየቁን። "ወንዱን የወሰደው ልጅ አዲስ ቤት የያዘ ነው አላችሁ? ሚስት አለው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እሷንም ውሰዱለት።"

ሥርጉት ደነገጠች። "እሷ እንኳ እርስዎ ጋ ትቅር! ቢያንስ እሷን ይዩ።"

"አንዷ ብቻዋን ምን ትሆነኛለች?" አሉ ኢቡ ሱላስትሪ። "እኔ ራሴ ብቻዬን ቀርቼ እያየሽኝ?" ሙሽሪትን ጠቅልለው መልሰው ሥርጉት ጭን ላይ አኖሩላት፤ ልክ እንደ በፊቱ። "አብረው ይሁኑ እንጂ የማንም ቤት ይሁን።"

ሶ ልጁን መፈለግ ነበረብን፤ በስም አናውቀው፣ በመልክ አናውቀው። ሥርጉት በየቤተ ክርስቲያኑ፣ እኔ በመስጊድ ጠየቅን፤ ከረባት ያደረገ ሐበሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስንት ነው? በመጨረሻ ተናደድኩና ሙሽሪትን አውጥቼ የሱቄ መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። አዎ፣ እኔ ሃፍሳ! ከፊቷ በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "ባሌን የወሰድክ ወንድሜ፣ እባክህ ና እንነጋገር። ሙሽሪት።"

ፌርፋክስ ሳቀ። ምግብ ቤት ምሳ የበሉ ወንዶች ቆመው "እኔስ አልሆናትም?" ይላሉ። ፎቶ ያነሳሉ። ሥርጉት ጠዋትና ማታ ትመጣለች፤ ሰው ጠየቀ ወይ ብላ። አንድ ቀን የጸሎት እህቶቿ ሁለቱ መስኮቱ ፊት አገኟት። "እህት ሥርጉት፣ ይህ ምንድን ነው?" አሏት ፊታቸውን አጨፍግገው። ከውስጥ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ትክዳለች ብዬ ነበር።

"አደራ ነው" አለቻቸው። "የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"

በዘጠነኛው ቀን ዕንቁ የምትባል ወጣት ሴት ቅመም ልትገዛ ገባች፤ ወረቀቱን አንብባ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "የዚህችን ባል የማውቀው ይመስለኛል" አለች። "እኛ ቤት ቴሌቪዥን አጠገብ ነው። ባሌ መክብብ አመጣው፤ እኔ አልወደድኩትም ነበር፣ ብቻውን ሆኖ ያሳዝናል።"

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሥርጉትን ይዤ ሚድ ዊልሻየር ሄድን። ቤቱ ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ገና ያልተፈቱ ካርቶኖች። ወንዱ በሁለት ሪሞት መሃል ተቀምጦ አቧራ ለብሷል፤ አሁንም ሊስቅ ሲል የተያዘ ነው። ዕንቁ ፎጣው ሲገለጥ ትንሽ አፈገፈገችና "ጣዖት አይደለም አይደል? እኛ አማኞች ነን" አለች።

እኔ አፌን ልከፍት ስል ሥርጉት ቀደመችኝ። "አይመለክም" አለች። "ለሙሽሮች የሚሰጥ ነው። ሲሞላም ሲጎድልም አብረው ይቀመጣሉ። ስትጣሉ ታዩአቸዋላችሁ። ሌላ ምንም አይፈልጉም፤ እንዳትለያዩአቸው ብቻ።"

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ቢጫ ጨርቋን አወጣች። ያ የሥራዋ ጨርቅ ነው፤ ካልቨር ሲቲ ስድስት ዓመት የወለወለችበት። ወንዱን አነሳች። ቆቡን አበሰች፣ ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሃል። ሴቷን አነሳች፤ ጸጉሯ ላይ ያለውን እያንዳንዱን አበባ በጨርቁ ጫፍ እያጠራች፣ አንገቷ ሥር ያለውን ሐብል እያጠራች። አልቸኮለችም። ወንዱን በቀኝ፣ ሴቷን በግራው አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

"ጀርባሽን ሰጥተሽ አልነበር እንዴ? ቦታቸውን እንዴት አወቅሽ?" ብዬ አሾፍኩባት። ጨርቋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቶራንስ ሄደን ስልኩን ለኢቡ ሱላስትሪ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አዩት። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ሶፋውን አዩ፣ የማያውቋቸውን ሰዎች ቤት በሙሉ መረመሩ። ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ጣታቸውን የሙሽሪት ጸጉር ላይ አኖሩ።

"አበቦቹ ውስጥ አቧራ የለም" አሉ። "ማን ወለወላቸው?"

ሥርጉት መሬት መሬት እያየች "እኔ ነኝ" አለች።

አሮጊቷ ስልኩን አስቀመጡ። "ዓርብ ዓርብ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስወለውላቸው" አሉ፣ "አንቺ ንጹሕ ሳህን ታጥቢያለሽ። ዛሬ ዞር ትላለች፣ ዛሬ ጨርቁን ትቀበለኛለች እል ነበር። ስድስት ዓመት ጠበቅሁሽ።"

ሥርጉት ወንበራቸው ሥር ወደቀች። ፊቷን ጉልበታቸው ላይ ደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ኢቡ። አላዩኝም ብዬ ነበር" ትላለች በእንግሊዝኛም በአማርኛም እየደባለቀች።

"መጣሽ አይደል" አሏት።

ከዚያ ጉልበታቸውን እንድታሽላቸው እግራቸውን ዘረጉላት።